ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ የሚነሣውን ክርክር በቅን ሚዛን ስለ መመዘን

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ በካዛንቺስ ያደገ አንድ ተማሪ እናቱ በተቀበረች ማግስት በልቅሶው ድንኳን አጠገቤ ተቀምጦ፥ «መምህር፥ ሁሉም በትንሣኤ ታገኛታለህ ይለኛል። ክርስቶስ በእውነት እንደ ተነሣ በምን ይታወቃል? ወይስ ይህ ኀዘንተኛን ዝም ለማሰኘት የሚባል ነገር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዙሪያው የነበሩት ተቈጡት። ጥያቄው ግን ኃጢአት አይደለም። ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችንም እምነታችንም ከንቱ እንደሚሆን ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክት በምዕራፍ 15 አልሸሸገምና። እንግዲህ ዳኛ ከሳሽንና ተከሳሽን እንደሚሰማ፥ ሁለቱን ወገን እንስማ።

የሚቃወሙት ሰዎች ነገር ይህ ነው።

1ኛ፤ የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የተፈጥሮ ሥርዓት በሰው ሁሉ ልምድ የጸና ስለ ሆነ፥ ሙት ተነሣ ከማለት ይልቅ መስካሪው ተሳሳተ ወይም ዋሸ ማለት ይቀላል ሲል ተከራከረ።

2ኛ፤ አራቱ ወንጌላት በሁሉ አይስማሙም ይላሉ። ማቴዎስ በመቃብሩ ስለ አንድ መልአክ ይናገራል፥ ዮሐንስ ስለ ሁለት። ደግሞም ሲናይቲከስና ቫቲካነስ በተባሉት በ4ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ የግሪክ መጻሕፍት የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 16 ቍጥር 8 ያልቃል።

3ኛ፤ ያዘነ ሰው የሞተበትን ወዳጁን ያየ ወይም ድምፁን የሰማ ሊመስለው ይችላል፤ ደቀ መዛሙርትም እንዲሁ ሆነው ይሆናል ይላሉ።

በዚህ ክርክር የሚስቅ ሰው ክርክሩን ገና አልሰማውም።

አሁን የሚያጸናውን እንስማ። የካዛንቺስ ስም ከየት መጣ? በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራው የኢጣልያ ድርጅት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዘ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ በሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙው የሰፈሩ ቤት ፈረሰ፤ ስሙ ግን አልፈረሰም። ይሁን እንጂ ስም ብቻውን የሆነውን ሁሉ አይነግርም፤ በዘመኑ አቅራቢያ የነበረ ምስክር ያስፈልጋል። የእሑድ በዓልና ቤተ ክርስቲያን እንደዚሁ ስም ናቸው፤ አንድ ነገር እንደ ሆነ ያመለክታሉ። ለዘመኑ የቀረበው ምስክር ግን ጳውሎስ ነው። ይህን መልእክት የጻፈው ከስቅለት በኋላ 25 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው፤ እርሱ ራሱም ከቀደሙት የተቀበለውን እንደሚያስተላልፍ ይናገራል፤ ጴጥሮስንና ያዕቆብን ይጠራል፤ ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች እንዳዩትና የሚበዙትም ገና በሕይወት እንዳሉ ይጽፋል። ለገላትያ ሰዎችም ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከጴጥሮስ ጋራ 15 ቀን እንደ ተቀመጠና ያዕቆብን እንዳየ ጽፎአል። ስለዚህ ወሬው ከብዙ ትውልድ በኋላ ተፈጠረ ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ቀድሞ መመስከር በእውነት መመስከር ነውን? የቂርቆስ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሰማዕቱ ሕፃን ነው፤ ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ ስለ እምነቱ እንደ ሞተ በትውፊት ይነገራል። የሰማዕት ሞት እንዳልዋሸ ያሳያል፤ እንዳልተሳሳተ ግን ብቻውን አያሳይም። ቂርቆስ የሞተው ከእናቱ ስለ ሰማው ነገር ነው፤ የፊተኞቹ ግን መከራ የተቀበሉት በዓይናችን አየን ስላሉት ነገር ነው። የጌታ ወንድም ያዕቆብ ቀድሞ አላመነም ነበር፤ በኋላ ግን በድንጋይ እንደ ተወገረ አይሁዳዊው ጸሐፊ ዮሴፍ ዘግቦአል። ጳውሎስም አሳዳጅ እንጂ ኀዘንተኛ አልነበረም፤ ስለዚህ የኀዘን ምክንያት እርሱን አይነካውም። የወንጌላቱን ልዩነት በተመለከተ፥ ልዩነቱን አንካድ፤ ነገር ግን በአደባባይ ቃላቸው አንድ የሆነ ምስክሮች ተማክረዋል ተብለው ይጠረጠራሉ፤ አራቱም በዋናው ነገር፥ መቃብሩ ባዶ ስለ መሆኑ፥ ይስማማሉ።

የሂዩምስ ነገር? እግዚአብሔር የለም ብሎ ለሚጀምር ሰው ሚዛኑ ወደ እርሱ ያደላል፤ ሕይወትን የፈጠረ አምላክ አለ ለሚል ግን ሙትን ማስነሣት ከሥልጣኑ በላይ አይደለም። እንግዲህ የታሪክ ምስክርነት እስከ ደጅ ያደርሰናል፤ ገፍቶ ግን አያስገባንም።

ስለዚህ፥ አማኝ ወዳጄ ሆይ፤ የሚጠይቅህን አትቈጣው። እምነትህን ለመርዳት ብለህ ያልሆነ ተአምር አትጨምር፤ ሐሰት የእውነት ምርኵዝ ሊሆን አይችልምና። በልቅሶ ቤትም አስቀድመህ ተቀመጥ፥ አልቅስ፥ ከዚያ በኋላ ተናገር። የማታምን ወዳጄም ሆይ፤ ምስክሮቹን ሳትሰማ አትፍረድ።

ለዚያ ተማሪ ይህንኑ ነገርሁት፤ እንደ ሒሳብ ላሳይህ አልችልም፥ የማምንበትን ምክንያትና የሚቃወመውን ግን አልደብቅህም አልሁት። አመንሁም አላመንሁም አላለኝም። እኔም አላስገደድሁትም፤ ሌሊቱን ግን አብሬው በድንኳኑ አደርሁ።