አምስት ግራም ስንት ዓመት ያሳስራል?

ስለ አደንዛዥ ዕፅ በተወያየን ቁጥር ከወጣቶች አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «በገዛ ሰውነቴ ሕጉ ምን አገባው?» የሚል። ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔ ግን ሌላውን ላስቀድም። ሕጉ ያገባዋል እንበል፤ ታዲያ ሲቀጣ እኩል ይቀጣል ወይ? ለዚህ የአሜሪካን ያህል የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም።

እዚያ ኮኬይን በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው በአፍንጫ የሚሳብ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ከዚያው ዱቄት ተሠርቶ የሚጨስ ጠጣር ሲሆን «ክራክ» ይሉታል። ክራክ በትንሽ በትንሹ ስለሚቸረቸር የድሃ ሰፈር ዕፅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ 5 ግራም ክራክ የሸጠ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በዱቄቱ ግን ያው 5 ዓመት የሚመጣው 500 ግራም ሲሞላ ነው። መቶ እጥፍ! 5 ግራም እኮ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢያክል ነው። በ1988 ደግሞ ሳይሸጡ ይዞ መገኘትም ለዚሁ ቅጣት አበቃ።

ሕጉ የወጣው በድንጋጤ ነበር። ሌን ባያስ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ቦስተን ሴልቲክስ በመረጠው በሁለተኛው ቀን፣ በሰኔ 1986 በኮኬይን ሞተ። ብዙዎች ክራክ ገደለው አሉ። የወሰደው ግን ዱቄቱን ነበር።

ዳኛውስ? ተከሳሹ አለቃም ይሁን ተላላኪ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከወለሉ በታች መውረድ አይችልም። የፈረደው ሚዛኑ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ሕግ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተቀጡት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ።

ይህ ነገር ኤችአይቪንም ይነካል። አምስት ዓመት እስር የሚፈራ ሰው «ሱስ ይዞኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ አይመጣም፣ አይመረመርም፤ በመርፌ የሚወስድ ከሆነም ተደብቆ በጋራ ይወጋል። ፖርቱጋል ከ2001 ጀምሮ ለግል የሚበቃ የ10 ቀን መጠን ይዞ የተገኘን ሰው ወደ ወህኒ ሳይሆን የሕግ፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ወደሚቀመጡበት ኮሚሽን ትልካለች። ዕፁ አልተፈቀደም፤ ነጋዴውም ይታሰራል። በመርፌ ተጠቃሚዎች ዘንድ አዲስ በኤችአይቪ መያዝ በእጅጉ ቀነሰ። (ሕጉ ብቻውን አላመጣውም፤ ንጹሕ መርፌና ሕክምናም አብረው ተስፋፍተዋል።) ስለዚህ ለእኔ ነፃነት ማለት ዕፅ እንደልብ መውሰድ ሳይሆን፣ የታመመ ሰው ሳይሸማቀቅ ሐኪም ፊት መቅረብ መቻሉ ነው።

አሜሪካ በ2010 ሕጉን አሻሽላ 5 ግራሙን 28 አደረገችው፤ ይዞ በመገኘት ብቻ የሚመጣውንም የግዴታ 5 ዓመት አነሳች። ቀድሞ የተፈረደባቸው ግን ቅጣታቸው እንዲታይላቸው ለማመልከት እስከ 2018 መጠበቅ ነበረባቸው። ልዩነቱ ጨርሶ እንዲጠፋ የቀረበውን ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤቱ በ2021 ቢያጸድቀውም ሴኔቱ አላሳለፈውም። ሚዛኑ ዛሬም 18 ለ1 ነው።