ከፊልሙ በፊት የሙዝ ልጣጭ ለኩ

ከአዴት፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር የምትወጡ የፊዚክስ መምህራን፣ የመመረቂያ ሥራችሁ ድርብርብ የቢስሙዝ ፌራይት ፊልም ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ቁሱ ፌሮኤሌክትሪክነቱን እስከ 830፣ የማግኔት ሥርዓቱን እስከ 370 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ስለሚይዝ፣ በክፍል ሙቀት ሁለቱም አሉት።

የቢስሙዝና የብረት ናይትሬት በሜቶክሲኤታኖል አሟሙ፣ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ጨምሩ። ቢስሙዝ በሙቀት ስለሚተን ከስሌቱ 5 እስከ 10 በመቶ አብዙት። ሟሚው የመራቢያ ጤናን ይጎዳል፤ ያለ ጭስ መሳቢያ አትንኩት።

ክረምት ለዚህ ሥራ ክፉ ወቅት ነው። ገና ያልደረቀው ሽፋን ከአየሩ እርጥበት ስቦ ወተት ይመስላል። እኔ ዝናብ ያባራበትን ረፋድ እመርጣለሁ፤ ማድረቂያ ምድጃውንም ከማሽከርከሪያው አጠገብ አስቀምጣለሁ። በደቂቃ 3000 ዙር ለ30 ሰከንድ አሽከርክሩ፣ በ350 ዲግሪ አድርቁ፣ ድገሙ። እንጀራ ዐይን ሲያወጣ ደስ ይላል፤ ፊልም ዐይን ካወጣ ግን የላዩ ኤሌክትሮድ በቀዳዳው ገብቶ ከታችኛው ጋር ይገናኝና ናሙናው ሾርት ያደርጋል።

ባሪየም ታይታኔት ልትደርቡ ከሆነ እሱ ከታች ይሁን፤ መጀመሪያ በ700 ገደማ ጋግሩት፣ ከዚያ ቢስሙዝ ፌራይቱን በ550። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁ ቢስሙዙን ታተኑታላችሁ። መብራት ቢሄድ የምድጃውን በር አትክፈቱ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ፊልሙን ከትልቅ ካፓሲተር ጋር በተከታታይ አገናኙ፤ የምትሰጡትን ቮልቴጅ ወደ ኦሲሎስኮፑ አግድም፣ የካፓሲተሩን ወደ ቀጥታው አስገቡ። የሚያምር ቀለበት ይወጣል። እባካችሁ ወዲያው ፎቶ አንሥታችሁ ለአማካሪያችሁ አትላኩ! ቀለበት ማለት ፌሮኤሌክትሪክ ማለት አይደለም። በፊልሙ ውስጥ የሚያፈስ ኤሌክትሪክም ቀለበት ይሠራል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ2008 የሙዝ ልጣጭ ላይ የብር ቅባት ቀብቶ ለክቶ ቀለበቱን አሳትሟል፤ ሙዝ ደግሞ ፌሮኤሌክትሪክ አይደለም።

ስለዚህ ከጉልት ሙዝ ግዙና ልጣጩን በራሳችሁ መሣሪያ፣ በሲግናል ጀነሬተር ጥቂት ቮልት ብቻ ለኩ። ከግድግዳ መብራት ጋር በጭራሽ አታገናኙት። የልጣጩን ቀለበት አትማችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት፤ የፊልማችሁ ቀለበት እሱን ከመሰለ፣ ማለትም ጫፎቹ ክብ ሆነው ካበጡ፣ ጥርጣሬ ይግባችሁ። የእውነተኛው ጫፍ ይሾላል፤ ቮልቴጅ ብትጨምሩም ከፍታው አንድ ቦታ ላይ መጨመሩን ይተዋል።

ከዚያ ፍሪኩዌንሲውን ቀይሩ። የሚያፈስ ኤሌክትሪክ በ10 ኸርዝ ከ100 ኸርዝ ይልቅ አሥር እጥፍ ቻርጅ ያጠራቅማል፤ ቀለበቱ በዚያ መጠን ከሰፋ ፖላራይዜሽን ብላችሁ አትጻፉት። ሌላም አለ፦ የኦሲሎስኮፑ መግቢያ አንድ ሜጋኦም ብቻ ስለሆነ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ካፓሲተሩን ያራግፈዋልና አሥር እጥፍ የሚቀንሰውን ፕሮብ ተጠቀሙ። ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት የጅረት መስመሩንም እዩ፤ ፖላራይዜሽኑ ሲገለበጥ ጉብታ ይታያል። ጉብታ ከሌለ እኔ ውጤቱን አልቀበልም።

በማግኔቱም በኩል ተመሳሳይ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በቢስሙዝ ፌራይት ፊልም ላይ ጠንካራ ማግኔትነት ዘገበ፤ በ2005 ሌላ ቡድን በዚያው መጽሔት ውጤቱን ሊደግመው እንዳልቻለ ጻፈ። ፊልሙ በጣም ስስ ስለሆነ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ወይም ከብረት ወረንጦ የቀረ ብናኝ ምልክቱን ይሸፍነዋል። የፕላስቲክ ወረንጦ ያዙ። ፊልም ያልተቀባበትን፣ በመጠንም በአጋገርም አንድ የሆነ መደብ ለብቻው ለኩና ከውጤቱ ቀንሱ፤ ሁለቱንም ግራፎች በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ ጎን ለጎን አስገቡ።