ከሕፃናት ጋር ረጅም መንገድ



በዓል ወይም የትምህርት ዕረፍት ሲደርስ ብዙ ባለትዳሮች ልጆቻቸውን ይዘው ዘመድ ለመጠየቅ ወይም አየር ለመለወጥ ወደ ሌላ ከተማ ይጓዛሉ። ሲነሱ ሁሉም ደስተኛ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ትንሹ ያለቅሳል፣ ትልቁ «መቼ ነው የምንደርሰው?» እያለ ይነዘንዛል፣ እናት ትቆጣለች፣ አባት መሪ እንደያዘ ወደ ኋላ ይዞራል። አደጋ የሚመጣውም ይኼን ጊዜ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሽከርካሪው ልጁን ለመቆጣት ለሦስት ሰከንድ ዞር ቢል መኪናው ከ60 ሜትር በላይ ያለ ተመልካች ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ልጆችን በመንገድ ላይ ማጫወት የደኅንነት ጉዳይ ነው። በዚህ ትምህርት ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በምሳሌነት እንወስዳለን። ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትጓዙም ምክሩን ለራሳችሁ መንገድ ልታውሉት ትችላላችሁ።

1. ልጅ በመንገድ ላይ ለምን ይነጫነጫል?

ልጅ የሚነጫነጨው ስላስቸገረ ወይም ስለተቀበጠረ ብቻ አይደለም። ሰውነቱ እንዲንቀሳቀስ የተፈጠረ ሲሆን ለሰዓታት ታስሮ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ለአራት ዓመት ልጅ «አምስት ሰዓት ይፈጃል» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «አሁን ደረስን» ብሎ መሸንገልም ለጊዜው ዝም ያሰኘው ይሆናል እንጂ ሁለተኛ አያምናችሁም።

ልጅ ሊይዘው የሚችለው መለኪያ የከተሞችን ስም ነው። ከጉዞው በፊት በነበረው ምሽት እጁን ይዛችሁ በጣቶቹ ላይ ቁጠሩለት፦ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ (ዝዋይ)፣ ሻሸመኔ፣ አውራ ጣት ሐዋሳ። በጉዞው ላይ አንዱን ከተማ ባለፋችሁ ቁጥር አንድ ጣት ያጥፍ። «መቼ ነው የምንደርሰው?» ሲል «ስንት ጣት ቀረህ?» በሉት። መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

2. ከመነሳት በፊት

የልጅ ቦታ የኋላ ወንበር ነው። ሕፃንን ታቅፎ ከፊት መቀመጥ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም እጅግ አደገኛ ነው። በግጭት ጊዜ የማንም ክንድ፣ የእናትም ቢሆን፣ ሕፃኑን ይዞ ሊያስቀረው አይችልም። ለዕድሜውና ለክብደቱ የሚስማማ የልጅ መቀመጫ ከቀበቶው ጋር ሕይወት ያድናል። ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚቀመጥ ሕፃን የሚሠራ ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ የምትጓዙ ደግሞ ልጁን ከበር አጠገብና ከሾፌሩ ጎን አታስቀምጡት፤ እጁንና ጭንቅላቱንም በመስኮት እንዲያወጣ አትፍቀዱለት።

አዲስ አበባን ከአዳማ በሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ የምትወጡ ከሆነ ብልሽት ወይም አደጋ ካልገጠመ በቀር በመንገዱ ላይ መቆም ክልክል ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ልጆቹን ሽንት ቤት አድርሱ።

3. ጨዋታ እንደ ዕድሜው

ከሁለት ዓመት በታች፦ አንድ የጨርቅ ቦርሳ አዘጋጁ። በውስጡ የፕላስቲክ ኩባያ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ክዳን ያለው ባዶ ዕቃና የመሳሰሉትን ጨምሩ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትስጡት፤ አንዱ ሲሰለቸው ሌላውን አውጡ። ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጥም ሕፃንን ደጋግሞ ያስቃል። አፉ ውስጥ ሊገባ የሚችል ትንሽ ነገር ግን ከቦርሳው ይውጣ።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፦ ቆጠራ ያስደስታቸዋል። አንዱ ጋሪ፣ ሌላው ባጃጅ ይምረጥና እስከሚቀጥለው ከተማ ይቁጠሩ። ውኃ ፍለጋም ጥሩ ጨዋታ ነው። ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ የዝዋይና የላንጋኖ ሐይቆች በስተግራ፣ አቢጃታና ሻላ በስተቀኝ ናቸው። «ውኃው በየት በኩል ነው?» እያላችሁ ብትጠይቁ ልጁ እየተጫወተ ግራና ቀኙን ይለያል።

ከስድስት ዓመት በላይ፦ አባቶቻችን ያቆዩልንን እንቆቅልሽ የሚያህል የመንገድ ጨዋታ የለም። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ?» «ሁለት ጎማ አለው፣ ቤንዚን አይጠጣም፣ ሣር ይበላል።» ልጁ «ጋሪ ከነፈረሱ!» ካለ አሸነፈ። ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ቤት ውስጥ ሲሆን ልጅ ያልታየ አገር ስም ይሰጣል። በመኪና ውስጥ ግን የሚሰጠው አገር ቀጥሎ የምትደርሱበት ከተማ ይሁን። «መቂን ሰጠሁህ» ያለ ልጅ መቂ ሲደርስ የሰጠውን አገር በዓይኑ ያያል። ሌላው ጨዋታ ፊደል መልቀም ነው፤ ልጁ የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ ከሱቅና ከመንገድ ሰሌዳዎች ላይ ይፈልግ።

ስልክ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ስክሪን ላይ አቀርቅሮ መቆየት ማስታወክን ያመጣል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ተመልከቱ።

4. ስንቅና ማስታወክ

ቆሎ፣ ለውዝና ደረቅ ከረሜላ የተወደዱ የመንገድ ስንቆች ናቸው። ነገር ግን ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ፣ በተለይም በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ፣ በቀላሉ ጉሮሮውን ሊዘጉት ይችላሉ። በምትኩ ሙዝ፣ ድፎ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ድንች ያዙ። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ወተት ለመንገድም ይበቃዋል፤ ለማጥባት ግን መኪናው ይቁም። ከአዲስ አበባ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ጆሮው ተደፍኖ ቢያለቅስም ቆሞ ማጥባት ይረዳዋል፤ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል።

መኪና ሲያስታውክ የሚታየው በብዛት ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። የውስጥ ጆሮ «እየሄድን ነው» ሲል፣ መጽሐፍ ወይም ስልክ ላይ ያተኮረው ዓይን «ቆመናል» ይላል፤ በዚህ አለመስማማት ሆድ ይታወካል። መፍትሔው ልጁ በፊት ለፊት መስኮት ሩቅ እንዲያይ ማድረግ፣ ነፋስ ማስገባት፣ ከመነሳት በፊት ቀለል ያለ ምግብ መስጠት ነው። ቆጠራና ውኃ ፍለጋ ዓይንን ወደ ውጭ ስለሚስቡ እዚህም ላይ ይጠቅማሉ። የማስታወክ መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር ለሕፃን አይሰጥም።

5. ዕረፍት

ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። ልጆቹ ከመንገዱ ርቀው ይሩጡ፣ ይዝለሉ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ በዕረፍት የተቆጠበው ሩብ ሰዓት በለቅሶና በንትርክ ያልቃል። ለአፍታም ቢሆን ልጅን በቆመ መኪና ውስጥ ብቻውን አትተዉት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ውስጥ በ10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይግላል።

6. የባልና የሚስት ስምምነት

ልጅ ማጫወት የእናት ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲታይ እናት ስትደክም ጨዋታውም ያበቃል። ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። መሪ የያዘ ዓይኑን ከመንገድ አያነሳም፤ ልጅ መቆጣትም የእርሱ ተራ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠው ወይም የተቀመጠችው ልጆቹን ያጫውታል። መኪናው ሲቆም ግን ተራው ይለወጣል፤ ያሽከረከረው ትንሽ ከተፍታታ በኋላ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸር፣ ሌላዋም ትረፍ። ልጅ ቢያለቅስ «ፖሊስ ይወስድሃል» ወይም «ጅብ ይበላሃል» ብላችሁ አታስፈራሩ። ለቅሶው እየባሰ ከሄደ ቀበቶውን መፍታት መፍትሔ አይደለም። አመቺ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ አባብሉት፣ ቀበቶውን መልሳችሁ አስራችሁ ተነሡ።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ) በሚቀጥለው ጉዞአችን ልጃችን በጣቱ የሚቆጥራቸው ከተሞች የትኞቹ ናቸው?
ለ) ልጃችን የሚቀመጠው የት ነው? ቀበቶውስ ይሠራል?
ሐ) ማን ያሽከረክራል፣ ማን ያጫውታል? ተራው የሚለወጠውስ የት ነው?
መ) ከስንቃችን ውስጥ ለትንሹ የማይሆነው የትኛው ነው?

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ዛሬ ማታ እራት ላይ ብትወያዩባቸው ነገ የልጆቻችሁ ጉዞ ከቤት ደጃፍ ጀምሮ ጨዋታ ይሆንላቸዋል። መልካም መንገድ!