የጽዋ ማኅበርና የጥንት ጽርኣውያን ማኅበር

ማኅበር ኀበረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም አንድነት፣ መተባበር ማለት ነው። ነገር ግን በአምልኮ ስም ተሰብስቦ መብላትና መጠጣት በክርስቲያን ዘንድ ብቻ የተገኘ ልማድ ስላይደለ፣ የእኛ ማኅበር ከአረማውያን ማኅበር በምን እንደሚለይ መመርመር ይገባናል።

በ1894 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአቴና ከተማ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ተገኝቷል። ይኸውም በ2ኛው ምዕት ዓመት ዲዮኒሶስ የተባለውን የወይን ጣዖት ያመልኩ የነበሩ ጽርኣውያን፣ ማለት የግሪክ ሰዎች፣ የማኅበራቸው ሕግ ነው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በ9ኛው ቀን ይሰበሰባሉ፤ ለወይን ጠጁ ያዋጣሉ፤ አዲስ ገቢ 50 ዲናር፣ የማኅበርተኛ ልጅ ግን እኩሌታውን ይከፍላል፤ የተደባደበ ይቀጣል። ማኅበርተኛ ሲሞት አክሊል ይደረግለታል፤ ለቀብሩ ለወጡትም አንድ ጋን ወይን ጠጅ ይሰጣል።

ይህን የሰማ የግምጃ ቤት ምእመን ስለ ራሱ ማኅበር የተነገረ ሳይመስለው አይቀርም። በእኛም ዘንድ ተረኛው በየወሩ በቅዱሱ ዕለት ዝክር ያዘጋጃል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ጠበል ጠዲቁን ይባርካል፤ በብዙ ቦታ ሙሴ የሚባለው አለቃ ሥርዓቱን ይመራል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ቅዱስ ጊዮርጊስንና የዐድዋን ድል በአንድነት ያስባል።

እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው? መጀመሪያው ስለ ምሥጢር ነው። በአቴና አጠገብ በኤሌውሲስ ዴሜጥር ለተባለችው ጣዖት በሚደረገው ሥርዓት ሴቶችና ባሮች ሳይቀሩ ይገቡ ነበር፤ ያዩትን መግለጥ ግን በሞት ያስቀጣ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት አልቅብያዴስ የተባለው የጦር አለቃ ምሥጢሩን በቤት ውስጥ አቃልሏል ተብሎ ሞት ተፈርዶበታል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ለሕፃናት እንኳ ታስተምራለች፤ ንኡሰ ክርስቲያኑም ከቅዳሴው መካከል ቢወጣ፣ ተምሮ ለመጠመቅ ዋጋ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ስለ ጽዋው ነው። የአቴናው ጽዋ ላዋጣው ነበረ፤ የእኛ ጽዋ ግን በበር ለቆመው ነዳይም ነው። በ392 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ንጉሥ ቴዎዶስዮስ አምልኮ ጣዖትን በሕግ ከልክሏል፤ ለራስ ብቻ የመደገስ ጠባይ ግን በዐዋጅ አይሻርም። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስን ምእመናን አንዱ ተርቦ ሌላው ሰክሮ ስለ መገኘቱ በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 11 ገሥጿቸዋል።

ይህ ተግሣጽ ዛሬም ይመለከተናል። በድግስ መፎካከር ሲመጣ ድኻው ማኅበርተኛ ወይ ይበደራል፣ ወይ በኀፍረት ይቀራል። ተራው ሲደርስ የሚያቀርበው አጥቶ ጽዋውን በእንባ የመለሰ ሰው አይተናል፤ ማኅበርተኞቹም ስሙን ፋቁ እንጂ ድግሱን አልቀነሱም። ያን ቀን ጣዖት አልነበረም፤ ሥራው ግን የእነዚያ ነበረ።

ስለዚህ ማኅበርተኞች ሆይ፣ የዝክሩን ልክ በድኻው አቅም እንወስን፤ ለቅዱሱ መታሰቢያ ዳቦና ጠላ ይበቃል። ጽዋው ከመዞሩም አስቀድሞ በበር ማን እንደ ቆመ እንመልከት። አምላከ ቅዱሳን ማኅበራችንን የፍቅር ማኅበር ያድርግልን፤ አሜን።