ስለ ፓች አዘገጃጀትና አላላክ

ለተቀደደ ልብስ እራፊ እንደሚጣፍለት ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ስሕተት በተገኘበት ቦታ ላይ ብቻ የሚገባ ማረሚያ አለው፤ እርሱም ፓች ይባላል። በአማርኛችን ልብስም ይጣፋል፣ ደብዳቤም ይጣፋል፤ ፓች ደግሞ ሁለቱንም ነው።

የዚህ ሥራ ዋና ምሳሌ ሊኑክስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬ በአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥ ይገኛል። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም የተገለጠ ስለ ሆነ፣ ስሕተት ያገኘ ሰው፣ ተማሪም ቢሆን፣ አርሞ በኢሜይል መላክ ይችላል። ተቀባዮቹ ግን ላኪውን በመልክ አያውቁትምና የሚፈርዱት በደብዳቤው ነው።

አሥር ስፍራ ያለው ሰንጠረዥ አለ እንበል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የመጨረሻው ስፍራ 9 ነው። ጸሐፊው «ቁጥሩ ከ10 እስካነሰ ድረስ» ማለት ሲገባው «ከ10 እስካነሰ ወይም እኩል እስከ ሆነ ድረስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ የሌለ አሥራ አንደኛ ስፍራ ሊነካ ይሄዳል፤ የሌላውንም ሊያበላሽ ይችላል። በፓቹ ላይ ስሕተት ያለበት መስመር በመቀነስ ምልክት፣ የታረመው በመደመር ምልክት ይጀምራል። ከላይና ከታችም ሦስት ሦስት ያልተለወጡ መስመሮች ይታከላሉ፤ ኮምፒዩተሩ ማረሚያው የሚገባበትን ቦታ የሚያገኘው በእነዚህ ነው። ስለዚህ የኢሜይሉ ፕሮግራም ረጅሙን መስመር ለሁለት ቢሰብረው፣ ወይም ታብ የተባለውን ክፍተት በተራ ባዶ ቦታ ቢለውጠው፣ ለዓይን ምንም ሳይጐድል ፓቹ አልገባም ይላል። ብዙ ልፋት በከንቱ የሚቀረው በዚህ ይመስለኛል እንጂ በዕውቀት ማነስ አይደለም። መድኃኒቱ ጊት የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ይህንንም በ2005 የጀመረው ያው ቶርቫልድስ ነው። «ፎርማት ፓች» በሚለው ትእዛዝ ደብዳቤውን ያዘጋጃል፤ «ሴንድ ኢሜይል» በሚለው ጌጥ በሌለው ተራ ጽሑፍ ይልከዋል።

የደብዳቤው አርእስት አጭር ሆኖ በትእዛዝ ቃል ይጻፋል፤ ይኸውም «አርሜአለሁ» ሳይሆን «አርም» ማለት ነው። ከበታቹ ችግሩ ምን እንደ ነበረና የሚያደርሰው ጉዳት ይገለጻል። ምን እንደ ተለወጠ መስመሮቹ ራሳቸው ያሳያሉ፤ ለምን እንደ ተለወጠ ግን ጸሐፊው ካልተናገረ ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው ከየት ያገኘዋል? አንድ ፓችም አንድ ጉዳይ ብቻ ይይዛል። በመንገድ የተገኘ ሌላ ስሕተት ለብቻው ይላካል።

በደብዳቤው ግርጌ ላኪው ይፈርማል። ይህ ፊርማ ከ2004 ጀምሮ የተለመደ ሲሆን፣ ሥራው የራሱ መሆኑን ወይም ለመስጠት መብት ያለው መሆኑን የሚመሰክርበት ነው። ያለ ፈቃድ የሌላውን ሥራ ቀድቶ የፈረመ የሐሰት ምስክር ሆነ ማለት ነው። ማንነቱን የሸሸገ ሰውም ተቀባይነት የለውም።

መርማሪዎቹ ጉድለት ቢያገኙ፣ ታርሞ «ሁለተኛ» ተብሎ እንደገና ይላካል። ከመጀመሪያው የተለየበት ነገር ከሦስቱ ሰረዞች በታች ይጻፋል፤ በዚያ ያለው ለመርማሪዎቹ ብቻ ስለ ሆነ በመዝገብ አይገባም። መልስ የዘገየበት ላኪ ከመጠየቁ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠብቃል።