አውሮራ አሶሳ ላይ ለምን አይታይም?

 

በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል ምድር ላይ ሲደርስ የአረንጓዴና የቀይ ሰማይ ፎቶ ስልካችንን ሞልቶት ነበር። «ኡስታዝ፣ እኛ ጋ ለምን አይታይም?» ለምትሉ ወጣቶች ዛሬ በአጭሩ እንየው።

1. ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ፀሐይ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ሁልጊዜ ትረጫለች። የምድር መግነጢሳዊ መስክ አብዛኞቹን ይመልሳል፤ ከፊሎቹን ግን በመስመሮቹ እየመራ ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ያወርዳቸዋል። እዚያም 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ አየሩ ያበራል። አውሮራ ማለት ይህ ነው።

2. እኛ ጋስ? መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። አሶሳ ላይ የማግኔት መርፌ በነፃነት ቢንጠለጠል አግድም ሊተኛ ጥቂት ነው የሚቀረው። መስመሮቹ ከራሳችን በላይ አግድም ስለሚሄዱ ቅንጣቶቹን ወደ እኛ አያወርዱም። ሰማያችን ግን ባዶ አይደለም፤ ቀን ቀን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስበታል። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ይህን ከሚከታተሉት ጣቢያዎች አንዱ ነው።

3. ግዙፎቹ ፕላኔቶችስ? ጁፒተር ላይ አውሮራ አይጠፋም፤ ዋና መነሻው ግን ፀሐይ አይደለችም። ኢዮ ከምትባለው እሳተ ገሞራ የበዛባት ጨረቃው በየሰከንዱ 1 ቶን ገደማ ጋዝ ወደ ጠፈር ያመልጣል። ጋዙ ኤሌክትሪክ ሲሸከም፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ አንድ ዙር የሚዞረው የጁፒተር መስክ ይዞት ይሽከረከራል። በዚህ የሚፈጠረው ጅረት ኤሌክትሮኖችን ወደ ዋልታዎቹ ይወረውርና ሃይድሮጅኑ ያበራል፤ አብዛኛው ብርሃን ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌትና ኢንፍራሬድ ነው። ኔፕቱን ደግሞ መስኩ ከመዞሪያ ዘንጉ 47 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ አውሮራው ከዋልታዎቹ ርቆ ይታያል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያነሣው ምስሉ ይፋ የሆነው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቦታውን የሚወስነው ብርድ ወይም ሰሜን መሆን ሳይሆን መስኩ ነው።

ታዲያ ይህ ምን ይጠቅመናል? ነገ አንድ ሰው «ትናንት ማታ አሶሳ ሰማይ ላይ የታየ ተአምር» ብሎ ፎቶ ቢልክላችሁ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚያን አግድም መስመሮች አስታውሱ። ያልተጣራ ወሬ እናቶችንና ሕፃናትን ያስደነግጣል፤ ያስተላለፈውም ሰው ከተጠያቂነት አያመልጥም። «ሱብሓነላህ» ለማለት የውሸት ፎቶ አያስፈልገንም፤ እውነቱ ይበቃናል።

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይስጠን። መልካም ጁሙዓ!