በወይን አገር ቪላ ያረፈ እንግዳ አካባቢውን ስለ መመርመሩ

የወይን ተክል ባለበት አገር ቪላ ተከራይቶ ጥቂት ቀን መሰንበት በኤውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። በፈረንሳይና በኢጣልያ ባለ እርሻው የወይን ጠጁን ሸጦ ከሚያገኘው ሌላ፥ ከእንግዳ ማረፊያውም ገንዘብ ያገኛል። ባገራችንም የወይን እርሻ እየሰፋ በሄደ መጠን፥ እንዲህ ያለውን ማረፊያ ለመሥራት መሬት የሚጠይቅ ሰው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ለአገር ገዥዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች ይህን አጭር ትምህርት ማቅረብ የሚጠቅም ሁኖ ተገኝቷል። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ ቤቱ ሳይታይ በፊት ዙሪያው ይታይ።

በወንጌል ስለ ወይን አትክልት የተነገረውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። ባለቤቱ አስቀድሞ ተከለ፥ ቀጥሎ አጠረ፥ ከዚያም መጭመቂያውን ቆፈረ፤ ግንቡን የሠራው በመጨረሻ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ግንቡን አስቀድሞ ይሠራል፤ ውሃውንና አፈሩን የሚጠይቀው ሥራው ከተበላሸበት በኋላ ነው።

1ኛ፤ መጭመቂያውና ተክሉ ስለ መራራቃቸው

ለምሳሌ በአዲስ አበባ በደቡቡ በኩል ያለውን የነፋስ ስልክ ላፍቶን ክፍለ ከተማ እንመልከት። ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ የሌለው ቴሌግራፍ የተጠራበት ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ በመካኒሳ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ መጥመቂያ አለ፤ የፋብሪካውም ሥራ ከ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የቆየ ነው።

አንድ እንግዳ ስሙን ሰምቶ በመካኒሳ ወይም በለቡ ቪላ ቢከራይና ጧት የወይን ሐረግ ለማየት ቢወጣ፥ የሚያገኘው የግንብ አጥርና የጭነት መኪና እንጂ ሐረግ አይደለም። ፍሬው የሚበቅለው በአርሲ በመርቲ አካባቢ፥ በአዋሽ ወንዝ ውሃ ነው። እንግዳው በዚህ ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ምክንያቱን ቢጠይቅ አንድ ትልቅ ትምህርት ያገኛል።

ለቍርባን የሚሆነው ዘቢብ የደረቀ ወይን ስለ ሆነ ከሩቅ አገር ቢመጣም አይበላሽም። እርጥቡ ዘለላ ግን ከተቆረጠ በኋላ በፀሐይ ላይ ቢዘገይ ያለ ጊዜው መፍላት ይጀምራል። እንግዲህ መጥመቂያው ከተክሉ በራቀ መጠን መንገዱ መልካም፥ ጭነቱም ፈጣን እንዲሆን ያስፈልጋል። የወይን እርሻ እንዲተከል የሚፈቅድ ሹም፥ መንገዱንም አብሮ ማሰብ ያለበት ስለዚህ ነው።

2ኛ፤ ስለ አየርና ስለ አፈር

በመካኒሳ ወይን ለምን በብዛት አይተከልም ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከእግሩ በታችና ከራሱ በላይ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በክረምት ዝናቡ ይበዛል፤ እርጥበት የበዛበት ዘለላም ሻጋታ ይይዘዋል። በብዙ ስፍራ ያለው መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ደግሞ ውሃ ያቁራል፤ የወይን ሥር ግን ውሃ በቆመበት ስፍራ ይታፈናል።

አሁን በሞጆና በመቂ በኩል 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጕዘን፥ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ እንውረድ። በዚያ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከቦርዶ ያስመጣውን የወይን ሐረግ ከ100 ሄክታር በሚበልጥ መሬት ላይ ተክሏል፤ የወይን ጠጁም በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ወጥቷል። የዝዋይ ከፍታ 1,640 ሜትር ያህል ነው። በየ100 ሜትሩ መውረድ ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪ ከፍ ብሎ እንደሚጨምር ቢታሰብ፥ ዝዋይ ከመካኒሳ በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ይሞቃል። ዝናቡም ያነሰ ነው፤ አፈሩ አሸዋነት ስላለው ውሃ አያቁርም።

በኤውሮፓ ሐረጉ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በእንዲህ ያለ ቆላማ አገር ግን ብርድ ስለሌለ የሐረጉን ዓመት የሚያስጀምረው የገበሬው መቀስ ነው። ገበሬው ሐረጉን የሚገርዝበትን ቀን ቆጥሮ፥ ፍሬው ዝናብ በሌለበት ወራት እንዲበስል ያደርጋል። ስለዚህ የአገሩን የዝናብ ወራት በትክክል የማያውቅ ሰው የወይን አትክልተኛ ሊሆን አይችልም።

አፈሩን ለመፈተን ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥልቀቱ እስከ ወገብ የሚደርስ ጕድጓድ ማታ አስቆፍሮ ውሃ መሙላት፥ ጧትም ተመልሶ ማየት ነው። ውሃው እንደ ቆመ ካደረ ስፍራው ለወይን አይመችም።

3ኛ፤ ስለ ውሃ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ያረፈው እንግዳ ከፋብሪካው ወደ ወንዝ ቢወርድ ትንሹን አቃቂን ያገኛል። በዳርቻው ጎመን፥ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለሙ ትጉሃን አትክልተኞች አሉ። ልማቱ ከሩቅ ሲታይ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ይህ ወንዝ በከተማው መካከል ሲያልፍ የየቤቱንና የየፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርድ ነው። ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት በውሃውም፥ በአፈሩም፥ በአትክልቱም ጤና የሚጎዳ የብረታ ብረት ዝቃጭ አግኝተዋል። ጎመኑ አምሮ መታየቱ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። ጥፋቱም ውሃ አጥቶ በዚያው የሚጠጣው የአትክልተኛው ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያደፈረሰው ሁሉ ድርሻ አለበት።

በዝዋይ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ሐይቁ የመቂንና የቀጣርን ወንዞች ይቀበላል፤ የተረፈውንም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይሰድዳል። ከዚሁ ሐይቅ የአበባ እርሻዎች፥ የመስኖ ገበሬዎችና ከተማው ይቀዳሉ፤ የወይኑም እርሻ በዚሁ አካባቢ ነው። ከላይ በተቀዳ ቍጥር ወደ ታች የሚሄደው ያንሳል፤ አብያታም እጅግ ሸሽቷል። እንግዲህ የእንግዳ ቤት ልሥራ፥ አትክልት ልትከል የሚል ሰው ሲመጣ፥ ከእርሱ በላይ ማን ይቀዳል፥ ከእርሱ በታችስ ማን ይጠብቃል ብሎ መጠየቅ የሹም ግዴታ ነው።

4ኛ፤ ስለ ጎረቤት

የወይን እርሻ ያለ ጎረቤት አይኖርም። በዝዋይ እርሻውን ከጉማሬና ከጅብ ለመጠበቅ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለታል። አውሬውን ቦይ ይከለክለዋል፤ ጎረቤትን ግን መልካም ስምምነት እንጂ ቦይ አያኖረውም። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ከእነዚህም በአንዱ የደብረ ጽዮን ገዳም ይገኛል። ዛይ የሚባሉት የደሴቱ ሰዎች በታንኳና በዓሣ ማጥመድ ለረጅም ዘመን ኖረዋል። እንግዳ በጀልባ ተሻግሮ ታሪካቸውን ቢሰማ፥ ዓሣቸውን ቢገዛ፥ የመጣበት አገር ከጠርሙስ ላይ ካለው ጽሑፍ የበለጠ እንደ ሆነ ያውቃል። ባለ ማረፊያውም ከእነርሱ ቢገዛና ልጆቻቸውን ቢቀጥር፥ ጎረቤቱ የእርሻው ጠባቂ ይሆንለታል።

5ኛ፤ ሹም ሊጠይቅ ስለሚገባው

የእንግዳ ማረፊያና የወይን ተክል ለመሥራት ጥያቄ የቀረበለት ሹም ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት በእግሩ ወጥቶ ግማሽ ቀን ቢመረምር መልካም ነው። የሚመረምረውም ይህን ነው።

ሀ. ስፍራው ምን ያህል ከፍ ይላል፤ ዝናቡስ በየትኞቹ ወራት ይዘንባል?

ለ. በጕድጓዱ የተሞላው ውሃ ሰረገ ወይስ ቆሞ አደረ?

ሐ. ውሃው ከየት ይመጣል፥ በማን በኩል አልፎ ይመጣል፥ ወደ ማንስ ይሄዳል? በምርመራ ቤት ታይቷልን?

መ. የተቆረጠው ፍሬ በስንት ሰዓት ከመጥመቂያው ይደርሳል?

ሠ. በአካባቢው የሚኖሩት ሰዎች ተጠይቀዋልን? ከሥራውስ ምን ያገኛሉ?

ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት ቪላ፥ ግድግዳው ቢያምርም እንግዳውን የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። በመካኒሳ ያረፈው እንግዳ ሐረግ አላገኘም፤ ይህ ግን ሊታገሡት የሚቻል ጕድለት ነው። ወደ ወንዙ ወርዶ ያየው ግን ሊታገሡት የሚገባ አይደለም፤ በየወረዳችሁ ያለው ወንዝም እንዲህ ከመሆኑ በፊት አሁኑኑ ወርዳችሁ እንድታዩት በትሕትና እናሳስባለን።